«ታዝዤ ነው»፣ «ለልጆቼ ብዬ ነው»

ከሃውገንስቱዋ፣ ኦስሎ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ብዙ ጊዜ እየሳቅን ነው የምንጠቅሰው። ረጋ ብሎ ላሰበው ግን ይህ ተረት ሙሉ የቢሮ ሕግ ነው። ወንበር የተሰጠህ ልትበላበት ነው፣ ካልበላህ ሞኝ ነህ ይላል። «ጎመን በጤና» እና «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ሲጨመሩበት ደግሞ አገራችንን ለዘመናት ያደማው የሥራ ቦታ ሥነ ምግባር ከነማብራሪያው ይገኛል።

ውድ አንባቢያን፣ አምባገነን ብቻውን አገር አይገዛም። የእስር ማዘዣ የሚጽፍ መርማሪ አለ፤ የሚፈርም ዳኛ አለ፤ የሞተውን «በበሽታ» ብሎ የሚመዘግብ ሐኪም አለ፤ ዜናውን አሳምሮ የሚያነብ ጋዜጠኛ አለ፤ ገንዘቡን የሚያወራርድ ሒሳብ ሹም አለ። እነዚህ ሁሉ ማታ ቤታቸው ገብተው ልጆቻቸውን የሚስሙ ሰዎች ናቸው። በየድረ ገጹ የሚጻፈው ግን አብዛኛው ስለ ላይኛው ሰው ነው። ዛሬ ስለ መካከለኛው ወንበር እንነጋገር። ለመሆኑ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ «ይህን ፈርም» ሲባል በምን መዝኖ ነው የሚወስነው?

ፈላስፎቹ ለዚህ ጥያቄ ሦስት ታላላቅ መልሶችን ትተውልናል። እንግሊዞቹ ቤንታምና ሚል «ውጤቱን ቁጠር፤ ለብዙ ሰው የሚበጀውን አድርግ» ይላሉ። ጀርመናዊው ካንት «ውጤቱን ተወውና ግዴታህን ጠይቅ፤ ሁሉም ሰው እንዲያደርገው የማትፈቅደውን አንተም አታድርግ፤ ሰውን እንደ ዕቃ አትጠቀምበት» ይላል። ግሪካዊው አርስቶትል ደግሞ «ይህ ሥራ አንተን ምን ዓይነት ሰው ያደርግሃል?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስቱም በየዩኒቨርሲቲው ይማሩባቸዋል። በአገራችን ቢሮዎች ውስጥ ግን ሦስቱም ተጣመው የማምለጫ በር ሆነዋል። «ለልጆቼ ብዬ ነው» የመጀመሪያው ጥምም ነው። «ታዝዤ ነው» ሁለተኛው ነው። «ሥራው ሥራ ነው እንጂ እኔ ጨዋ ሰው ነኝ» ሦስተኛው ነው።

ነገሩን በአየር ላይ ከምናንሳፍፈው በምናውቀው ታሪክ እንፈትሸው። ከምርጫ 97 በኋላ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ደም ፈሰሰ። የተወካዮች ምክር ቤት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል፣ ምክትላቸው ዳኛ ወልደሚካኤል መሸሻ ነበሩ። የመረጣቸው ኢሕአዴግ የተቆጣጠረው ምክር ቤት ራሱ ነውና «የተቃዋሚ መሣሪያ» ሊባሉ የሚችሉ ሰዎች አልነበሩም። ኮሚሽኑ መርምሮ 193 ሲቪሎች መገደላቸውን፣ 763 መቁሰላቸውን አረጋገጠ። የተገደሉትን 6 ፖሊሶችም አልዘለለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2006 መጀመሪያ ላይ ድምፅ ሲሰጥ፣ የመንግሥት ኃይሎች የወሰዱት እርምጃ ከመጠን ያለፈ ነበር የሚለው ስምንት ለሁለት አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። እነሱ እንደመሰከሩት፣ ውሳኔውን እንዲገለብጡ ከባድ ጫና መጣባቸው። ሰብሳቢውና ምክትላቸው አገር ጥለው ወጡ፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2006 ያገኙትን ለዓለም ተናገሩ። ዳኛ ፍሬሕይወትና ሌላው የኮሚሽኑ አባል የነበሩት የሕግ ባለሙያ አቶ ምትኩ ተሾመ በዚያው ዓመት ኅዳር ዋሽንግተን ድረስ ሄደው መሰከሩ። አዲስ አበባ የቀሩት ለምክር ቤቱ ያቀረቡት ሪፖርት ግን የኃይል እርምጃው ተመጣጣኝ ነበር አለ። ልብ በሉ፤ ልዩነቱ በሬሳው ቁጥር ላይ አልነበረም። ልዩነቱ አንድ ቃል ነበር። «ከመጠን ያለፈ» ወይስ «ተመጣጣኝ»? ከዚህ በላይ የሥራ ቦታ ውሳኔ የሚባል ነገር ከየት ይመጣል? ወረቀት፣ ብዕር፣ አንድ ቃል!

እንግዲህ ሦስቱን ሚዛኖች እናምጣ። የመጀመሪያው «ቁጠር» ይላል። ቃሉን የቀየረ ሰው የቆጠረው የራሱን ደመወዝ፣ የራሱን ቤት፣ የራሱን ልጆች ነው። ይህ ሒሳብ አይደለም፤ ግማሹን ደብቆ መደመር ነው። ቤንታም በሚለው ቆጠራ እያንዳንዱ ሰው እንደ አንድ ይቆጠራል፤ ማንም ከአንድ በላይ አይቆጠርም። ስለዚህ 193 ቤተሰቦች፣ 763 ቁስለኞች፣ ነገ በዚያው ጥይት የሚወድቁ ልጆች ሁሉ በሒሳቡ መግባት ነበረባቸው። ገዳይ «ተመጣጣኝ ነው» የሚል ወረቀት በእጁ ከያዘ ለሚቀጥለው ግድያ ፈቃድ አገኘ ማለት ነው። በ1998 የተድበሰበሰው ነገር በኋላ በሌሎች ከተሞችና ገጠሮች ስንት ጊዜ እንደተደገመ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል።

ሁለተኛው ሚዛን «ግዴታ» ይላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በዓለም ላይ እንደ ግዴታ የተነገደበት ቃል የለምና። የናዚው አይኽማን እ.ኤ.አ. በ1961 ኢየሩሳሌም ችሎት ፊት ቆሞ በካንት ትምህርት ስኖር ነበር ብሏል። ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ ኦስሎ ክኑት ሮድ የሚባል የፖሊስ ሹም ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 26 ቀን 1942 አይሁዳውያን ከየቤታቸው ተለቅመው፣ ከ500 በላይ የሚሆኑት «ዶናው» በተባለች መርከብ ሲጫኑ ሥራውን ያቀናጀው እሱ ነው። አሳሪዎቹ የኖርዌይ ፖሊሶች ነበሩ። ታክሲ ሳይቀር ተከራይተዋል። ሮድ ከጦርነቱ በኋላ ሁለት ጊዜ ቀርቦ ነጻ ወጣ፤ ወደ ፖሊስ ሥራውም ተመለሰ። የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር በአገሪቱ ስም ይቅርታ የጠየቁት እ.ኤ.አ. በጥር 2012፣ ሰባ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። «ታዝዤ ነው» የሐበሻ በሽታ ብቻ እንዳልሆነ ይህ ይበቃል።

ካንት ግን ግዴታ ያለው ለአለቃ መታዘዝን አይደለም። ፈተናው ሌላ ነው፤ ሕጉን ለማትወደው ሰው ትሠራበታለህ ወይ ነው። ለዚህ ደግሞ የራሳችን ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. በ2001 ሕወሓት ሲከፈል የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተከሰው ታሰሩ። በጊዜው ዳኛ የነበሩት ወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ሕጉ ስለሚፈቅድ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ሰውየው ከፍርድ ቤቱ እንደወጡ መልሰው አፈኗቸው፤ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግም ወጣ። አቶ ስዬ ከእስር የወጡት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በዚያን ጊዜ ለአቶ ስዬ እንባ ያፈሰሰ ተቃዋሚ ብዙ አልነበረም፤ እንዲያውም «እርስ በርሳቸው ይበላሉ» ተብሎ ነበር። ዳኛዋ ግን የፈረዱት ለስዬ ሳይሆን ለሕጉ ነው። ግዴታ ማለት ይህ ነው!

ሦስተኛው ሚዛን «ምን ዓይነት ሰው ትሆናለህ?» የሚለው ነው። አርስቶትል ጀግንነትም ሆነ ፍትሐዊነት በልምምድ የሚመጣ ነው ይላል። ሰው በአንድ ቀን ጠዋት ተነስቶ ሐሰት አይፈርምም። መጀመሪያ የአበል ወረቀት ያስተካክላል። ቀጥሎ የዘመዱን ልጅ ያስቀጥራል። ከዚያ ያልተሰበሰበውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይጽፋል። እጁ ሐሰት ከለመደ በኋላ የሞት ሪፖርት ሲመጣለት ብዕሩ አይንቀጠቀጥም። በተቃራኒው ትንሹን እምቢታ የለመደ ሰው ትልቁ ቀን ሲመጣ ባዶ እጁን አይገኝም። ይሉኝታ የምንለው ነገራችን እዚህ ላይ ሁለት ስለት አለው። «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ከሌብነት የሚታቀብ አለ፤ «አለቃዬ ምን ይለኛል» ብሎ ሌብነትን የሚሸፍንም አለ። ሁለተኛው ይሉኝታ ሳይሆን ፍርሃት ነው።

ሦስቱ ሚዛኖች ሁልጊዜ ይስማማሉ ማለቴ አይደለም። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ጥያቄ ሥራ ሲያቆሙ አገዛዙ መልሱን በእስር ሰጠ። የሐኪሙ ጥያቄ ግን እውነተኛ ጥያቄ ነበር። በሽተኛው ወዴት ይሂድ? በባዶ ሆዱ የሚሠራ ሐኪምስ እስከ መቼ በሽተኛ ያድናል? ድንገተኛው ክፍል ይዘጋ ወይስ የቀጠሮው ብቻ? እንዲህ ባለው ቦታ ፍልስፍና ዝግጁ መልስ አይሰጥም። የሚከለክለው ነገር ግን አለ፤ አንዱን ጥያቄ ጠይቆ ሌላውን መዝለልን ይከለክላል። በሁለቱም በኩል ያለውን ሰው ሳይቆጥር «ከሃዲዎች ናቸው» ያለ ባለሥልጣን ከሦስቱ በአንዱም አልመዘነም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እምቢ ያለ ሰው ዋጋውን ብቻውን እስከከፈለ ድረስ ስብከት ዋጋ የለውም። እዚህ አገር ፔር-ኢንግቬ ሞንሰን የሚባል የሲመንስ ሠራተኛ ኩባንያው የኖርዌይን ጦር ከልክ በላይ እንደሚያስከፍል አጋልጦ ሥራውን አጣ። እ.ኤ.አ. በ2005 ፍርድ ቤት ረትቶ ካሳ ተፈረደለት። እ.ኤ.አ. ከጥር 2007 ጀምሮ ደግሞ የኖርዌይ የሥራ አካባቢ ሕግ ጥፋት ያጋለጠ ሠራተኛን መበቀል በግልጽ ይከለክላል። ከዚህ ከሃውገንስቱዋ ብዙ በማይርቀው አመሩድ በሚገኝ የአረጋውያን መንከባከቢያ፣ አዴኮ የተባለው ድርጅት ሠራተኞቹን ከሕግ ውጪ ረጅም ሰዓት ሲያሠራ፣ አንዳንዶቹም ምድር ቤት ውስጥ ሲያድሩ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 በቴሌቪዥን ተጋለጠ። ማዘጋጃ ቤቱም ውሉን አቋርጦ ቤቱን በራሱ እጅ አስገባ። እዚህ መላእክት ስለሚኖሩ አይደለም። የተናገረ ሰው የሚጠለልበት ሕግ፣ የሠራተኛ ማኅበርና ነጻ ጋዜጣ ስላለ ነው። ኢትዮጵያም የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የሚባል ሕግ አላት። ሕጉ አለ፤ የሚጠለሉበት ግን ፍርድ ቤት፣ ማኅበርና ጋዜጣ ሲኖር ነው። የመምህራን ማኅበሩ አሰፋ ማሩ እ.ኤ.አ. በ1997 በጥይት በወደቁባት፣ ፕሬዚዳንቱ ዶ/ር ታዬ ወልደሰማያት ስድስት ዓመት በታሰሩባት አገር ማን ወደ ማን ሄዶ ይጠቁማል?

በመጨረሻም ወደ ራሳችን ቤት። እ.ኤ.አ. ከ2018 በኋላ ከእኛ ጋር በብርድ ሰልፍ ይወጡ ከነበሩት ውስጥ አገር ቤት ገብተው ወንበር ያገኙ አሉ። ትናንት «ለምን ፈረማችሁ?» ሲሉ የነበሩት ዛሬ ፈራሚ ሆነዋል። ጥያቄው እነሱንም ይመለከታል፤ ያውም በእጥፍ፣ መልሱን ያውቁት ነበርና። በውጭ የቀረነውም አልተለየንም። በቅንጅት ስም ተሰብስቦ የነበረው ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 ያስነሳው ውዝግብ ገና ከአእምሯችን አልጠፋም። በየድርጅቱ፣ በየኮሚኒቲው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ «ደረሰኙ የታለ?» ያለ ሰው «ሰርጎ ገብ» ተብሎ ሲባረር አይተናል። ጠያቂን በአምስት መቶ አባል ማኅበር ውስጥ መታገሥ ያልቻለ፣ በመቶ ሚሊዮን ሕዝብ ላይ ሲሾም ይታገሣል ብሎ የሚጠብቅ ካለ የዋህ ነው።

ስለዚህ ሁለት ተጨባጭ ነገር ላቅርብ። አንደኛ፣ አገር ቤት እምቢ ብለው ከሥራ ለተባረሩ ዳኞች፣ መምህራን፣ ሐኪሞችና ጋዜጠኞች የልጆቻቸውን ቀለብና የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሸፍን ቋሚ መዋጮ እናቋቁም። «ለልጆቼ ብዬ ነው» የሚለውን ምክንያት በወቀሳ ልናፈርሰው አንችልም፤ ልጆቹን በመመገብ ግን እናፈርሰዋለን። ሁለተኛ፣ የትኛውም የስደት ድርጅት ገንዘብ ሲጠይቀን «ሒሳብ መርማሪያችሁ ማን ነው? ጥፋት ያየ አባል ለማን ይናገራል?» ብለን እንጠይቅ። መልስ ከሌለው ኪሳችንን እንዝጋ።

ዳኛ ፍሬሕይወትና ዳኛ ወልደሚካኤል ያዳኑት አንድ ቃል ነው። በዚያ ቃል ምክንያት 193ቱ ወገኖቻችን «በተመጣጣኝ እርምጃ» ሞቱ ተብሎ ብቻ በታሪክ አልተጻፈም። ሥራ፣ ቤትና አገር ከፍለውበታል። ቀጥሎ እምቢ የሚለው ሰው ዛሬ በአንድ የአዲስ አበባ፣ የባሕር ዳር ወይም የአዳማ ቢሮ ብዕሩን ይዞ ተቀምጧል። ብቻውን አንተወው።

ቸር ይግጠመን።