ጠያቂና ተጠያቂ

«ጠየቀ» የሚለው የአማርኛ ግሥ ሁለት ፍች አለው። የታመመውን፣ የታሰረውን፣ ያዘነውን ሄዶ ማየት መጠየቅ ይባላል፤ ዳኛ ተከሳሹን መመርመሩም መጠየቅ ይባላል። ፊተኛው የፍቅር ነው፤ ኋለኛው የሥልጣን ነው። ሁለቱን የማይለይ ሰው በምጽዋት ወንበር ላይ የተቀመጠ እንደ ሆነ ምን ጥፋት እንደሚደርስ የእንግሊዙ ደራሲ ጄ. ቢ. ፕሪስትሊ በአንድ ቴአትር ገልጦ አሳይቷል።

የቴአትሩ ስም በእንግሊዝኛ «አን ኢንስፔክተር ኮልስ» ነው፤ መርማሪ ለጥየቃ መጣ እንደ ማለት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1945 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት፣ በ1946 ዓ.ም. ደግሞ በለንደን ታየ። ታሪኩ የሚፈጸመው ግን በ1912 ዓ.ም. ብራምሊ በምትባል፣ ደራሲው በሐሳቡ በመሠረታት የፋብሪካ ከተማ ነው። ባለፋብሪካው አርተር በርሊንግ ሴት ልጁ ስለ ታጨች ራት አብልቶ ሲደሰት፣ ጉል የሚባል መርማሪ ገብቶ ኤቫ ስሚዝ የምትባል ድኻ ወጣት የሚያቃጥል የጽዳት መድኃኒት ጠጥታ መሞቷን ይነግራቸዋል። አንድ በአንድ ሲጠይቃቸው፣ ልጅቱን ወደ ሞት ከገፉት መካከል እጁን ያላስገባ አንድ ስንኳ እንደሌለ ይገለጣል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የቤቱ እመቤት የወይዘሮ ሲቢል ነገር ነው። በትውልድ ከባሏ ትበልጣለች፤ ባሏ በእንግዳ ፊት የምግቡን ማማር ቢያመሰግን፣ ይህ የጨዋ ወግ አይደለም ብላ ታርመዋለች። ለተቸገሩ ሴቶች ርዳታ በሚሰጥ ማኅበርም የታወቀች ናት። ልጅቱ ከመሞቷ ሁለት ሳምንት በፊት ፀንሳ፣ የምትበላውን አጥታ፣ ወደዚህ ማኅበር መጣች። ስሟን «ወይዘሮ በርሊንግ» ብላ ብትናገር እመቤቲቱ እንደ ድፍረት ቈጠረችው፤ ሌሎቹንም አባሎች አግባብታ ባዶ እጇን መለሰቻት።

ለዚህች እመቤት የሚሟገቱ ሰዎች አልታጡም። ልጅቱ በስሟም በባሏም ዋሽታለች፤ የድኾችን ገንዘብ ለዋሾ የሚሰጥ መጋቢ ታማኝ አይባልም፤ ደግሞም እመቤቲቱ የጣሰችው ሕግ የለም ይላሉ። ይህ ክርክር ላይ ላዩን ሲያዩት ቀጥ ያለ ይመስላል፤ ሲፈትኑት ግን ይሰበራል።

መጀመሪያ፣ ምጽዋት ያለ ሥርዐት ይሰጥ የሚል የለም። ሰባቱ ዲያቆናትም በሐዋርያት ዘመን ለማዕድ አገልግሎት ተሹመዋል። ዳሩ ግን የተሾሙበት ምክንያት ይታወቅ፤ መበለቶች በዙ ብለው በር ሊዘጉ አይደለም፤ በየዕለቱ ምግብ ሲታደል የተዘነጉ መበለቶች ስለ ነበሩ ነው እንጂ። የምጽዋት ሥርዐት የሚሠራው የተረሳው እንዲታሰብ ነው። በእንግሊዝ አገር ግን በ1869 ዓ.ም. የተቋቋመው የምጽዋት ማደራጃ ማኅበርና እርሱን የመሰሉት ድኻውን ርዳታ የሚገባውና የማይገባው እያሉ ይለዩት ነበር። ከእነርሱ ደጅ የተመለሰ ሰው የሚቀረው፣ በድኾች ሕግ የቆመው፣ ሁሉ የሚፈራው የድኾች የሥራ ቤት ነበር፤ ያም ሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1948 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ወይዘሮ ሲቢል እምቢ ስትል የምትዘጋው በር የመጨረሻው በር ለመሆን የቀረበ ነበር።

ሁለተኛ፣ ልጅቱ በስሟ ዋሽታለች፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ሲመረምሯት እውነቱን ተናግራለች። ባል እንደሌላት፣ የፅንሱ አባት መጠጥ ያሸነፈው ልጅ እግር እንደ ሆነ፣ የሚሰጣት ገንዘብ የእርሱ እንዳልሆነ ከስካሩ ንግግር ተረድታ ከእንግዲህ አልቀበልም እንዳለች ነገረቻቸው። እመቤቲቱ ይህን አላመነችም፤ ከእንዲህ ያለ ወገን የተወለደች ሴት ገንዘብ እምቢ ትላለች ብላ አላሰበችም። በቴአትሩ ሁሉ ከተነገረው ሥራ ግን ከዚህ የሚበልጥ ጽድቅ አይገኝም። የተሰረቀውን ገንዘብ ብትቀበል ኖሮ ወደ ማኅበሩ ባልመጣች ነበር። ወደ ምጽዋት ደጅ ያደረሳት ታማኝነቷ ነው፤ ደጁ ላይ ሐሰት ተብሎ የተጣለባትም ያው ታማኝነቷ ነው። ውሸቷ ለቍጣ ምክንያት ሆነ፤ እውነቷም ከውሸቷ የተሻለ ዋጋ አላገኘም። እንዲህ ያለው መጋቢ የድኻውን ገንዘብ ጠበቀ አይባልም፤ ድኻውን አጠፋ ይባላል እንጂ።

ሦስተኛ፣ የማታውቃትን ሴት በአንድ ቀን ጉባኤ መርምሬ አወቅኋት ያለችው እመቤት፣ በማዕዷ የሚቀመጠው ልጇ ኤሪክ ጠጪ መሆኑን አታውቅም ነበር። መርማሪው ጥፋቱ የማን ነው ብሎ ቢጠይቃት፣ የፅንሱ አባት ነው፤ እርሱ በአደባባይ ጥፋቱን ይመን፣ ቅጣቱንም ይቀበል ብላ ፈረደች። ፍርዷን ከጨረሰች በኋላ ያ ሰው ልጇ መሆኑን ተረዳች። የሞተውም ፅንስ የልጅ ልጇ ነበር። ዳዊት በነቢዩ በናታን ፊት የሰው በግ ነጥቆ ባረደው ባለጠጋ ላይ ሞት እንደ ፈረደ፣ እርሷም በገዛ አፏ በቤቷ ላይ ፈረደች።

ነገር ግን ሁለቱ በዚህ ይለያያሉ። የበርሊንግ ሴት ልጅ እጮኛ ጀራልድ ክሮፍት በከተማው ፖሊስ ዘንድ ጉል የሚባል መርማሪ እንደሌለ አጣርቶ ተመለሰ፤ ወደ ሐኪም ቤትም ቢደውሉ መድኃኒት ጠጥታ የሞተች ሴት አልመጣችም ተባለ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ሲቢል ልቧ ተመለሰ፤ ለመርማሪው ያልተሸነፍሁ እኔ ብቻ ነኝ ብላም ተመካች። ዳዊት ግን ናታንን፣ የነገርኸኝ ባለጠጋ በአገሬ የለም፤ በጉም ምሳሌ ነው፤ እንግዲህ በደል የለብኝም አላለውም። ምሳሌው ምሳሌ ቢሆንም ኦርዮ በእውነት እንደ ሞተ ያውቃልና ንስሓ ገባ። መርማሪው ሐሰተኛ ቢሆን፣ በማኅበሩ ደጅ ያለቀሰችው ሴት ሐሰተኛ አትሆንም። ሕግ አልጣሰችም የሚለውም ክርክር የሚወድቀው በዚህ ነው፤ ሕግ የሚመረምረው የተሠራውን በደል ነው፤ ኅሊና ግን የተተወውንም ምሕረት ይመረምራል።

ቴአትሩ የሚፈጸመው ስልክ ሲጮህ ነው። አንዲት ሴት የጽዳት መድኃኒት ጠጥታ ወደ ሐኪም ቤት ስትወሰድ አሁን ሞተች፤ መርማሪም ሊጠይቃችሁ በመምጣት ላይ ነው ይላል።

ወይዘሮ ሲቢል ያችን ድኻ ጠይቃለች፤ ግን አልጠየቀቻትም። በየትም አገር በምጽዋት ጠረጴዛ የሚቀመጥ ሁሉ፣ ካህንም ቢሆን ሹምም ቢሆን፣ ከሁለቱ መጠየቅ የትኛውን እንደያዘ ራሱን ይመርምር። በመጨረሻው ቀን ጌታ ስለ ተራበው፣ ስለ ታረዘውና ስለ ታመመው የሚያቀርበው ጥያቄ ስንቱን መርምረህ መለስህ የሚል አይደለም። ሳይጠይቅ የኖረ ጠያቂ፣ ያን ጊዜ ተጠያቂ ይሆናል።