«አይተርፍም» ከማለታችን በፊት



እንደሚታወቀው በየቤታችን ድመት የምናኖረው ጎተራችንን ከአይጥ እንድትጠብቅልን ነው። ይሁን እንጂ ግልገሏ ከቆጥ ሲወድቅ፣ ከብት ሲረግጠው ወይም ጭድ ሲሳብ መንሽ ሲያገኘው፣ «ተወው፣ ይሄማ አይተርፍም» ብሎ ወደ ጥሻ የሚወረውር አይጠፋም። ይህ አድራጎት ሊታረም ይገባል። የሞተ የመሰለን ግልገል የበረደው ብቻ ሊሆን ይችላልና።

አዲስ የተወለደ ግልገል ሙቀቱን በራሱ መጠበቅ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት የሰውነቱ ሙቀት ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ነው። በላስታ የሌሊት ብርድ ከእናቱ ከተለየ ቶሎ ይደነዝዛል፤ ድምፁም ይጠፋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሙቀት! ሞቅ ያለ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከጎኑ ማድረግ ይበቃል። እሳት ዳር ማስጠጋት ግን ያቃጥለዋል።

ከዚያ እጅን ታጥቦ፣ ቀስ ብሎ ከራሱ እስከ ጅራቱ ማየት ነው። ድዱ ሮዝ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከነጣ ግን በውስጡ ደም ፈሶ ሊሆን ይችላል። አፉን ከፍቶ ያለከልካል ወይ? ከአፍንጫው ደም ይወጣል ወይ? ሆዱ ተነፍቷል ወይ? አራቱም እግሮቹ ይንቀሳቀሳሉ ወይ? ዓይኑ በመጨፈኑ አንደንግጥ፤ የሚከፈተው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ከሞቀው በኋላ ጡት ከሳበ ተስፋ አለውና ለእናቱ እንመልስለት። «የሰው እጅ የነካውን እናቱ ትጥለዋለች» የሚባለው አያስጨንቀን፤ አብዛኛውን ጊዜ ትቀበለዋለች።

በርኅራኄ ስም የሚደረግ ጥፋትም አለ። በበረደ ግልገል አፍ ወተት ማንቆርቆር ሳንባው ገብቶ ይገድለዋል። ለሰው የሚታዘዘው ፓራሲታሞልም ለድመት መርዝ ነው።

ልጆቻችንንም እናስጠንቅቅ። ግልገሏ የተጎዳባት ድመት ትናከሳለች፤ የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ በድመትም ይተላለፋል። የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን 15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በውሃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

እግሩ የተሰበረውን ወይም ድዱ የነጣውን ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ነው። «ለድመት ደግሞ ሐኪም!» ብሎ የሚስቅ ይኖራል። ይሳቅ! በሬውን ለማሳከም የሚሄድ ሰው፣ የበሬውን ድካም ከአይጥ የምትጠብቅለትን ቢያሳክም ምን ነውር አለው?