«ኮልፌ ቀራኒዮ» ርዝመቱ ስንት ነው?

በተለያዩ የፕሮግራም ቋንቋዎች የተጻፉ ሥርዓቶች መልእክት ሲለዋወጡ የሚፈጠረው የጽሑፍ ኮድ አለመጣጣም በብዙ የመመረቂያ ሥራዎች ውስጥ እንደ ጥቃቅን የአፈጻጸም ጉድለት ይታለፋል። በእኔ እምነት ግን ጉዳዩ ከመነሻው የንድፍ ጉዳይ ነው።

«ኮልፌ ቀራኒዮ» የሚለውን የክፍለ ከተማ ስም እንውሰድ። ሰባት ፊደላትና አንድ ክፍት ቦታ አለው። ርዝመቱን ሲጠየቁ ጃቫና ፓይተን 8 ይላሉ፤ ጎ ግን ባይት ስለሚቆጥር 22 ይላል። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት፣ ክፍት ቦታው 1 ባይት ይይዛልና ሁሉም በየራሳቸው አቆጣጠር ልክ ናቸው። በጃቫ የተጻፈው ላኪ ከመልእክቱ ፊት «8» ብሎ ቢልክና በጎ የተጻፈው ተቀባይ 8 ባይት ብቻ ቢያነብ፣ «ኮል» በሙሉ ይደርሳል፤ «ፌ» ከሦስት ባይቶቹ አንዱን ያጣል፤ የቀሩት 14 ባይቶች ደግሞ የሚቀጥለው መልእክት መጀመሪያ ተደርገው ይነበባሉ። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ቢጻፍ ኖሮ ባይቱና ፊደሉ በቁጥር እኩል ስለሚሆኑ ስሕተቱ ፈጽሞ አይታይም ነበር።

ሌላው ምክንያት ነባሪ ኮድ ነው። ጃቫ እ.ኤ.አ. በ2022 እስከ ወጣው 18ኛው እትም ድረስ፣ ኮዱ በግልጽ ካልተነገረው፣ የኮምፒዩተሩን ነባሪ ኮድ ይወስድ ነበር። ነባሪው የምዕራብ አውሮፓ ኮድ በሆነበት ማሽን ላይ ሰባቱ ፊደላት ሰባት የጥያቄ ምልክቶች ሆነው ይወጣሉ። ይህ ከተዛባ ጽሑፍ የከፋ ነው፤ የተዛባው በትክክለኛው ኮድ እንደገና ቢነበብ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ በጥያቄ ምልክት የተተካ ስም ግን ጠፍቷል። ካፍካም ሆነ ራቢትኤምኪው የመልእክቱን አካል እንደ ባይት ብቻ ስለሚያስተላልፉ መሐል ላይ የሚያርም የለም።

«በአማርኛ ሞክረነዋል» ማለትም አይበቃም። የአማርኛ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ላይ ሲገቡ ከመጀመሪያዎቹ 65,536 ቦታዎች ውስጥ ተመድበዋል። በ2021 ዩኒኮድ 14.0 ለጉራጌ ቋንቋዎች የጨመራቸው 28 ፊደላት ግን ከዚያ ውጭ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በፓይተን 1፣ በጃቫ 2፣ በጎ 4 ሆኖ ይቆጠራል። የማይኤስኪውኤል አሮጌው «ዩቲኤፍ8» በፊደል ከ3 ባይት በላይ ስለማይዝ አማርኛውን ተቀብሎ እነዚህን ይጥላል። ብዙ የጉራጌ ተወላጆች በሚኖሩበት ኮልፌ ቀራኒዮ ለሚያገለግል የጤና ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ ይህ የነዋሪው ስም ጉዳይ ነው። (የ«ሀ» እና የ«ኀ» መለዋወጥ የአጻጻፍ እንጂ የኮድ ችግር አይደለም፤ ሁለቱን ማደባለቅ ልማድ ሆኗል።)

ስለዚህ የኮዱ ዓይነትና የርዝመቱ መለኪያ በመልእክቱ ውል ላይ ይጻፍ። ተቀባዩም ሊፈታው ያልቻለውን ባይት በዝምታ ከመተካት ይልቅ መልእክቱን ይመልስ። ይህ ሥራ ያዘገያል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን የተመለሰለት ላኪ ዋናውን ጽሑፍ ገና በእጁ ይዟል። የመመረቂያ ጽሑፍ ገምጋሚዎችም የሙከራው መረጃ በየትኛው ፊደል እንደተጻፈ፣ ከ28ቱም ቢያንስ አንዱ በውስጡ ስለመኖሩ ይጠይቁ።