ልጁ እንዲያድግ እናቲቱ ትብላ

በአገራችን እናት ከሁሉም በኋላ ትበላለች። በመጀመሪያ አባወራው፣ ቀጥሎ እንግዳው፣ ከዚያም ልጆቹ ይበላሉ። እሷ የተረፈውን ትቀማምሳለች። ይህንንም ጨዋነት ብለን ስናሞግስ ኖረናል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ገና በማህፀን ያለውና ጡት ላይ ያለው ሕፃን ነው። ነገሩ የጓዳ ብቻ ሳይሆን የፖለቲካም ጉዳይ ነው እንላለን።

ብዙዎቻችን ያልበላች እናት ወተቷ ወዲያው የሚነጥፍ ይመስለናል። እውነቱ ሌላ ነው። ብርቱ ረሃብ ካልደረሰባት በቀር ሰውነቷ ከራሱ እየቀነሰ ወተት መስጠቱን ይቀጥላል። ለወተቱ የሚያስፈልገው ካልሲየም ከአጥንቷ ሳይቀር ይወሰዳል። ቫይታሚን ኤ፣ ቢ12 እና አዮዲንን የመሳሰሉት ግን እሷ ካልበላቻቸው በወተቷም ውስጥ ያንሳሉ። ሕፃኑ ጠግቦ የተኛ ይመስላል እንጂ የጎደለበት አለ። ጉዳቱ የሚጀምረውም ከማህፀን ነው። ከጽንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ባሉት 1000 ቀናት የቀረ ዕድገት ከዚያ በኋላ ለመመለስ እጅግ ያዳግታል።

«ፖለቲካን ከጡት ወተት ጋር ምን አገናኘው?» ለሚለን የጨውን ታሪክ እንንገረው። እ.ኤ.አ. በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት እስኪፈነዳ ድረስ አዮዲን ያለው ጨው የሚመጣልን ከኤርትራ ነበር። ጦርነቱ ያንን በር ዘጋው። ገበያውን የያዘው የአፋር ጨው ደግሞ አዮዲን አይጨመርበትም ነበር። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ የወጣው በ2011 ነው። በመካከሉ ባለፉት 13 ዓመታት ስንት ሕፃን ለአንጎሉ ዕድገት የሚያስፈልገውን ሳያገኝ ጡት ጠባ? የባድመን ሙታን የሚያነሳ ሞልቷል፤ እነዚህ ሕፃናት ግን በየትኛውም የጦር ሜዳ መዝገብ ላይ የሉም።

ከዚህም አልተማርንም። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በጥር 2022 ይፋ ባደረገው ግምገማ፣ በጦርነት ውስጥ በነበረችው ትግራይ ከነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች ግማሾቹ በምግብ እጦት የተጎዱ ነበሩ። የእነዚያ እናቶች ልጆች ዛሬ ቆመው የሚሄዱ ናቸው። ጦርነቱ ግን በቁመታቸው ላይ ሊነበብ ይችላል።

መንግሥት በ2015 በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 አጠፋለሁ ብሎ ነበር። በ2019 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 ከመቶው የቀነጨሩ ሆነው ተገኙ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው! በመንግሥት ጋዜጣ በሠራንባቸው ዓመታት «ረሃብ» የሚለው ቃል «የምግብ እጥረት» ተብሎ ሲለዝብ አይተናል። ቃሉ ቢለዝብም የእናቲቱ መሶብ አልሞላም።

በስደት ያለነውስ? «ወተቴ አነሰ» የምትል እህታችን ስትደውል ብዙዎቻችን የምንሮጠው የጣሳ ወተት ለመግዛት ነው። ንጹሕ ውኃ በሌለበት ቤት ያ ጣሳ ተቅማጥ ይዞ ሊገባ ይችላል። በገንዘቡ እሷ እንቁላል፣ ምስር፣ ጎመንና ቅቤ ብትበላበት ይሻላል። አያቶቻችን ለአራስ ገንፎና አጥሚት ማቅረባቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ችግሩ ጠያቂው ከአራስነቱ ጋር አብሮ መቅረቱ ነው። ማጥባቱ ግን እስከ ሁለት ዓመት ይቀጥላል።

ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ምርጫ መከራከራችን ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሥልጣን የያዘውንም ሆነ ሥልጣን የሚሻውን አንድ ጥያቄ እንጨምርለት፤ በአንተ አገዛዝ ነፍሰ ጡሯና አጥቢዋ እናት ምን ትበላለች? ለዚህ መልስ የሌለው ፓርቲ ስለ መጪው ትውልድ ባያወራ ይመረጣል።