ሽታ ለጠፋበት ሰው ማዕድን ስለ ማሰናዳት

ምግብ ለሰውነት ኀይል፣ ለልብም ደስታ እንደሚሰጥ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ይህ ደስታ ግን አብዛኛው ከምላስ ሳይሆን ከአፍንጫ የሚመጣ መሆኑን፣ አፍንጫችን ሥራውን እስኪያቆም ድረስ ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። ዛሬ ስለዚህ ነገር ለመናገር ያሰብነው፣ በካርቱም ከተማ ያየነው ጉዳይ ለብዙ ቤተሰብ የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን ነው።

የኮሮና በሽታ በኢትዮጵያም በሱዳንም መገኘቱ የተነገረው በአንድ ቀን፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖሩበት በነበረው በዴም ሠፈር፣ ትንሽ ምግብ ቤት የነበረቻቸው አንዲት ወይዘሮ ታመው ሰነበቱ። ትኩሳቱ ሲለቃቸው የማሽተት ኀይላቸው አብሮ ሄደ። ይህንንም ያወቁት ከምዕራብ ሱዳን የመጡ ጎረቤታቸው ካዋል በሠሩ ቀን ነው። ካዋል ማለት የአንድ ዱር በቀል ተክል ቅጠል ተወቅጦ፣ ሁለት ሳምንት ያህል በእንስራ ከተብላላ በኋላ ደርቆ፣ በሥጋ ፈንታ ወጥ የሚሠራበት ነው፤ ሽታው እጅ ቢታጠብም ቶሎ አይለቅም። ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው ሲሮጡ፣ ወይዘሮዋ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ «ምን ሆናችሁ?» ብለው ጠየቁ።

ከዚያ ወዲያ፣ «እንጀራው እርጥብ ጨርቅ፣ ወጡም ሙቅ ውሃ ሆነብኝ» አሉን። የሚሠሩት ወጥ ሁሉ አልጫ እየመሰላቸው ጨው ስለሚጨምሩ ደንበኞች አጉረመረሙ። እርሳቸውም መብላት ትተው ከሱ። ሰው ሁሉ፣ «ዋናው በሕይወት መትረፍዎ ነው» ይላቸው ነበር። ነገሩ እውነት ቢሆንም፣ በእጃቸው ሙያ ልጅ ለሚያሳድጉ ሴት መጽናኛ አልሆነም።

ነገሩን ለመረዳት ሦስት ቃላትን እንለይ። ጣዕም የምላስ ነው፤ ምላስም በዋናነት የሚለየው ጣፋጭን፣ ጨውን፣ ኮምጣጣን፣ መራራንና እንደ ሥጋ መረቅ ያለውን አምስተኛ ጣዕም ነው። ሽታ የአፍንጫ ነው፤ መልካሙንም ሽታ መዓዛ እንለዋለን። ምግብ ሲታኘክ ሽታው በጉሮሮ በስተኋላ ወደ አፍንጫ ይወጣል፤ ኮረሪማን ከጥቁር አዝሙድ የምንለየው በዚህ መንገድ ነው። ሦስተኛው ማቃጠል ነው። ይህ ጣዕምም ሽታም ሳይሆን፣ የፊት ነርቭ የሚያደርሰው ስሜት ነው። በርበሬ የሚያቃጥልበትን የነርቭ በር ያገኙት አሜሪካዊው ሊቅ ዴቪድ ጁልየስ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤልን ሽልማት ከሌላ ሊቅ ጋር ተካፍለዋል።

የወይዘሮዋም መፍትሔ የተጀመረው ከዚሁ ከሦስተኛው ነው። አንድ ቀን ሽንኩርት ሲከትፉ ዐይናቸው እንደ ድሮው ሲያነባ ልጃቸው አየችና፣ «እማዬ፣ ሁሉም አልጠፋም እኮ!» አለቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትና ልጅ የጠፋውን ማሳደዱን ትተው የቀረውን ይፈልጉ ጀመር። የማሽላ ኪስራ እንደ እንጀራ የሚኮመጥጥ ስለሆነ፣ ከለውዝ ልቁጥ፣ ከሎሚና ከሚጥሚጣ ጋር አቀረቡት። ቡናውን እንደ ሱዳኖች ልማድ ዝንጅብል ጨመሩበት። ከርከዴውን ቀዝቃዛ አደረጉት። ሁሉን ነገር አንድ ላይ ከማላቆጥ ይልቅ፣ ከለስላሳው ወጥ አጠገብ ጥሬ ኪያርና የተቆላ ለውዝ አኖሩ፤ ጥርስና ጆሮ የሚያገኙት ደስታ ቀላል አይደለምና።

ለገበያው ወጥ ጨው በማንኪያ እየተለካ ይገባ ጀመር፤ የመጨረሻውንም ቅምሻ ልጅቱ ወሰደች። ቡና ሲቆላ ግን ወይዘሮዋ ማንንም አላስጠጉም። ፍሬው ሲንጣጣ እየሰሙ፣ መልኩንም እያዩ ያወርዱት ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው በቤታችሁ ቢኖር የሚከተለውን እንመክራለን።

1ኛ. ሽታው ሳይመለስ ከቆየ ሐኪም ይየው፤ መንሥኤው ብዙ ነውና።

2ኛ. የጋዝን ማምለጥና የምግብን መበላሸት በሽታ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ የበሰለው ምግብ ቀኑ ይጻፍበት፤ ወተቱን ሌላ ሰው ያሽትለት፤ የጋዙም መዝጊያ ማታ ማታ ይታይ።

3ኛ. አፍንጫን ማለማመድ ይጠቅማል። በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ ሐኪሙ ቶማስ ሁመልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ የጽጌረዳን፣ የባሕር ዛፍን፣ የሎሚንና የቅርንፉድን ሽታ በቀን ሁለት ጊዜ ለ12 ሳምንታት ያሸተቱ ሕመምተኞች፣ ካልተለማመዱት ይልቅ ተሻሽለው ተገኝተዋል። ቅርንፉድና ሎሚ ከጓዳችን አይጠፉም።

4ኛ. ሽታው ሲመለስ ተበላሽቶ ሊመለስ ይችላል፤ ቡናና ሽንኩርት እንደ ተቃጠለ ወይም እንደ በሰበሰ ነገር ይሸታሉ። በዚህ ጊዜ ቀዝቃዛና ብዙ ያልተጠበሰ ምግብ ይቀርብለት እንጂ፣ አማረጥክ ተብሎ አይወቀስ።

5ኛ. ለብቻው አይብላ። ጉርሻ ሽታ ባይኖረውም ፍቅር አለው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ የዴም ሠፈር ሰዎች ተበተኑ። ወይዘሮዋም ምግብ ቤታቸውን ትተው፣ ጀበናቸውን ይዘው፣ በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። በኋላ ጎንደር ላይ ባገኘናቸው ጊዜ ጆሯቸውን ወደ ምጣዱ ዘንበል አድርገው ቡና ቆሉልን። «ቅርንፉዱ ይሸተኛል፤ ቡናው ግን ገና ነው» አሉን። ልጅቱ የሚጨሰውን ቡና ለያንዳንዳችን ካዞረች በኋላ ወደ እናቷ ተመልሳ፣ «ዛሬስ የማር ሽታ አለው» አለቻቸው። እርሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ መውቀጡ ገቡ።

በየቤታችን እንዲህ ያለ ሕመም ሲደርስ፣ «ምን ይጣፍጥሃል?» ከማለት ይልቅ፣ «የቀረልህ የትኛው ነው?» ብለን ብንጠይቅ የተሻለ መሆኑን የተማርነው ከእኒህ ሴት ነው።