ሆዴን ለፓኤያ ላስቀምጥ

ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከዓምዴ የጠፋሁት ታምሜ አይደለም፤ አገር ላይ ነበር ሄጄ የሰነበትኩት። በነርስነት ትምህርት ቤት አንድ ክፍል የተማርን፣ እስከ ዛሬ ሳንጠፋፋ የኖርን ሦስት ጓደኛሞች ነን። አንዷ ከብዙ ዓመት በፊት ወደ ስፔን ሄዳ ቫሌንሲያ ከተማ አረጋውያንን ስትንከባከብ ኖረች፤ አሁን እሷም እንደኛው ጡረተኛ ናት። "ጉልበታችሁ ሳይከዳችሁ ኑ" እያለች ስትወተውተን፣ ዘንድሮ የሁለተኛዋ ጓደኛዬ ልጅ ለእናቷ ትኬት ቆረጠች። እኔም ያጠራቀምኳትን ይዤ ተከተልኩ። መጀመሪያ ጀርመን ልጅቷ ዘንድ አንድ ሳምንት ከረምን፤ ከዚያ ወደ ቫሌንሲያ በረርን።

ልነግራችሁ የፈለግሁት የሐሙሱን ነው። የነቢያት ጾም ሳይገባ፣ ረቡዕም ዓርብም ያልሆነ ቀን ተብሎ የተመረጠ፣ የመብል ቀናችን ነበር። አስተናጋጃችን "ዛሬ እውነተኛ ፓኤያ ትበላላችሁ" ስላለች፣ ጓደኛዬ ጠዋት ዳቦውን ገፋ አድርጋ "እኔ ሆዴን ለፓኤያ ላስቀምጥ" አለች። ሳቅን። ሻይዋን ብቻ ጠጥታ ወጣን።

መጀመሪያ የሄድነው ማዕከላዊ ገበያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 የተከፈተ፣ በብረትና በመስታወት የተሠራ ትልቅ ጉልላት ያለው አዳራሽ ነው። ብርቱካኑ ተራራ ያክላል። ሳፍሮን የሚሉት ቀይ ቅመም እንደ ወርቅ በግራም ይሸጣል። የአሳማው እግር ከነሰኮናው ተሰቅሏል። ጓደኛዬ ያማተበችው ግን ቆዳው ተገፎ በተጋደመው ጥንቸል ፊት ነው። "ይሄንን ነው የምታበይን?" አለች። የቫሌንሲያ ዋናው ፓኤያ ለካስ በዶሮና በጥንቸል፣ በፎሶሊያና በነጭ ባቄላ የሚሠራ ኖሯል። በባሕር ምግብ የሚሠራም አለ፤ እሱም ለእኛ አይሆንም። አስተናጋጃችን ቀድማ አስባበት በአትክልት ብቻ የሚሠራውን አዛለች። ፓኤያ ማለት መጀመሪያውኑ የመጥበሻው ስም ነው።

ከገበያው ፊት ለፊት የድሮ ነጋዴዎች ሐር የሚሻሻጡበት አዳራሽ አለ፤ ላ ሎንኻ ይባላል። ምሰሶዎቹ እንደ ገመድ የተጠማዘዙ ናቸው። ዩኔስኮ በ1996 መዝግቦታል። አይተን አለፍን፤ የምንቸኩልበት ነገር ነበረን።

በየሐሙሱ ልክ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ በካቴድራሉ የሐዋርያት በር ሥር የውሃ ዳኞች ይሰየማሉ። ስምንት ገበሬዎች ናቸው፤ ስምንት የመስኖ ቦዮችን ይወክላሉ፤ ሁሉም ጥቁር ልብስ ለብሰው ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ጠበቃ የለም። ክርክሩ በቃል ነው፤ የፈረዱት ይግባኝ የለውም። ሰብሳቢው "አንተ ተናገር" የሚለውን ሰው በእጁ ሳይሆን በእግሩ ነው የሚያመለክተው አሉ። እኔ ባደግሁበት በጎጃም ገጠር የውሃ አባት የሚባል ነበር፤ የማን ማሳ በስንት ሰዓት እንደሚጠጣ የሚወስን። እሱን አስታውሼ ዓይኔ እንባ ቋጠረ። የዚያን ቀን ጥሪው በየቦዩ ስም ተሰማ፤ ከሳሽ አልቀረበም፤ በጥቂት ደቂቃ ተበተኑ። ጓደኛዬ "ለዚህ ነው ያንቀለቀልሽን?" ብላ አስተናጋጃችንን ተቆጣቻት። ከእሷ የማይጠበቅ ቃል ነበር። ደክሟት ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ከዚያ ወደ ቱሪያ ወረድን። ቱሪያ ወንዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ሞልቶ ከተማዋን አጥለቅልቆ ብዙ ሰው ከገደለ በኋላ ውሃውን በከተማዋ ደቡብ በኩል ቀየሱት። ደረቁን ወለል አውራ ጎዳና ሊያደርጉት ሲሉ ሕዝቡ እንቢ አለ፤ ዛሬ ድልድዮቹ እንዳሉ ቀርተው ከሥራቸው ረጅም የአትክልት ስፍራ ሆኗል። አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን በጋሪ ይገፋሉ፤ ሯጩ ብዛቱ! እዚያው ውስጥ ባለው ስታዲየም ነው ለተሰንበት ግደይ በ2020 የ5 ሺህ ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን በ14:06.62 የሰበረችው። በዓመቱ ደግሞ በዚችው ከተማ ግማሽ ማራቶኑን በ1:02:52 ጨረሰች። እኔ በኩራት ይህንን ስተርክ ጓደኛዬ ወደ ኋላ ቀርታለች።

ምግብ ቤቱ የደረስነው 8 ሰዓት ላይ ነው፤ የስፔን ምሳ ሰዓቱ ነው። ሩዙ ከታዘዘ በኋላ ስለሚጣድ ደግሞ መጠበቅ አለ። ስንጠብቅ ጓደኛዬን አየኋት። ግንባሯ በላብ ርሷል፤ ኅዳር ነው፣ ሙቀት የለም። ሹካውን ስታነሳ እጇ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በሞተች እህቷ ስም ጠራችኝ። እጇን ያዝኩት፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት በሆስፒታል የሠራ ሰው ይህንን መዳፍ በጨለማም ያውቀዋል። "ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ?" አልኳት። አልመለሰችም። ቦርሳዋን ከፈትኩ። ግሊቤንክላማይድ።

ስኳር በሽታ እንዳለባት አላውቅም ነበር! ይህ ኪኒን ምግብ ተበላም አልተበላም የደም ስኳርን ያወርዳል፤ በእኛ ዕድሜ ደግሞ ይበረታል። ኪኒኑን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በባዶ ሻይ ውጣው ሰባት ሰዓት ሙሉ በእግሯ አዙረናታል። ጠዋት "ሆዴን ላስቀምጥ" ስትል የሳቅሁት እኔ ነኝ። ቁጣዋንም ድካም ያልኩት እኔው ነኝ።

አስተናጋጃችን ሮጣ የብርቱካን ጭማቂ አመጣች። እንዲህ ሲሆን መለኪያ ፍለጋ ጊዜ አይባክንም። ሰውየው ነቅቶ መዋጥ እስከቻለ ድረስ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ይሰጠዋል፤ ሩብ ሰዓት ይጠበቃል፤ ካልተሻለው ይደገማል፤ ከዚያ ምግብ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይጨመርም፤ አምቡላንስ ነው። ሩብ ሰዓቱ ረጅም ነበር። መጨረሻ ላይ "ምን ሆናችሁ፣ ምን ታፈጡብኛላችሁ?" ስትል ነው የተነፈስኩት።

ፓኤያው መጣ። እንደ ደንቡ ሁሉም ከአንድ መጥበሻ በማንኪያ፣ ከፊት ለፊቱ ነው የሚበላው፤ እናቶቻችን በትሪ ዙሪያ እንዳስተማሩን። ከሥሩ የያዘውን፣ ሶካራት የሚሉትን የተጠበሰ ሩዝ እየፋቀች በላች። ቀስ ብላም ተናዘዘች። በሽታው ከተገኘባት ሦስት ዓመት ሆኗል። መለኪያውን አዲስ አበባ ጥላው የመጣችው ልጇ ሻንጣዋን ስትከፍት እንዳታይባት ነው። "ሥራዋን ጥላ ትመጣለች ብዬ ነው። እንዳትነግሪያት" አለችኝ።

ከምሳ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ይህ ኪኒን ስኳሩን ደግሞ ሊያወርደው ስለሚችል በልቼ ተሻለኝ ተብሎ አይተውም። ለኩላት፤ ደህና ነበር። ሐኪሙ ኪኒኑን አቁሞ ሌሊት እንድንለካት አዘዘ። የካቴድራሉን ግንብ 207 ደረጃ እንወጣለን ያልነው በዚሁ ቀረ።

ማታ 2 ሰዓት ላይ ልጅቷ እንደ ልማዷ ደወለች። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። "እትዬ፣ እማዬ እንዴት ናት?" አለችኝ። በሥራ ዘመኔ የበሽተኛ ምስጢር አውጥቼ አላውቅም፤ ዋሽቼም አላውቅም። ስልኩን ለጓደኛዬ ሰጠኋትና "ራስሽ ንገሪያት። ከጎንሽ ነኝ" አልኳት። ለረጅም ጊዜ ጣሪያ ጣሪያውን ካየች በኋላ ነገረቻት።

በስልኩ ውስጥ ዝም ሆነ። ከዚያ ልጅቷ፣ "ሦስት ዓመት? ሳምንቱን ሙሉ ኬክ ሳበላሽ የነበረው?" አለች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልለየሁም። ቀጥላም "እትዬን አቅርቢልኝ፤ እርስዎስ ያውቁ ነበር?" ስትል ጠየቀችኝ። "ከዛሬ 8 ሰዓት ጀምሮ አውቃለሁ ልጄ" አልኳት። የመድኃኒቱን ስም ፊደል በፊደል አስነግራኝ ጻፈች።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነስቼ ጣቷን ወግቼ ለካኋት። "ተይኝ ልተኛ" ብላ አጉረመረመች፤ እንደ ጤነኛ ነው ያጉረመረመችው። ዓርብ ጠዋት አስተናጋጃችን ቲማቲም የተፈገፈገበት ዳቦ በወይራ ዘይት አቀረበች፤ የአገሬው ቁርስ ነው፣ ለጾማችንም ተመቸን። ጓደኛዬ ሁለት ቁራሽ ጨረሰች። ስንወጣ ቦርሳዋን ከፍታ አሳየችኝ፤ ከምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያነሳቻቸው አራት የስኳር ከረጢቶች ከመቁጠሪያዋ ጎን ተሰድረዋል።