የስልጠናው ሰዓት የማን ነው?

አዳማ፣ ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ባለ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ አምስት ቀን ተቀምጦ ስላይድ ያልተነበበለት ሠራተኛ ማግኘት ይከብዳል። የአገራችን የሥራ ላይ ስልጠና መልኩ ለብዙ ዓመታት ይኸው ነው። ሰኞ ጠዋት ምዝገባና የመክፈቻ ንግግር፣ ከዚያ ፓወር ፖይንት፣ ሻይ ቡና፣ እንደገና ፓወር ፖይንት፣ ምሳ፣ የቡድን ውይይት፣ ዓርብ ከሰዓት ደግሞ ሰርተፊኬትና የጋራ ፎቶ። አሁን አሁን ግን የስልጠና ዕቅዶች ሌላ ነገር ይዘው መጥተዋል። ግማሹ ኦንላይን፣ ግማሹ በአካል ይሁን ይላሉ።

ሐሳቡን ከልቤ እደግፈዋለሁ። የሚያሳስበኝ ሥራ ላይ ሲውል የሚይዘው መልክ ነው። ያው የአዳራሹ ስላይድ በቴሌግራም ይላካል፣ የአዳራሹ ቀን ይቀነሳል፣ የተቀነሰው ቀን ደግሞ በሠራተኛው ማታና ቅዳሜ ላይ ይጫናል። ይህ ሁለቱን የማስተማሪያ መንገዶች ማዋሃድ አይደለም፤ ወጪን ከመሥሪያ ቤቱ ወደ ሠራተኛው ማዛወር ነው።

ነገሩ ረቂቅ እንዳይሆን አንድ ሙያ ልውሰድ፤ አዋላጅነትን። ሕፃን ተወልዶ አልተነፍስ ካለ አዋላጇ ያላት ጊዜ አንድ ደቂቃ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2010 አቅማቸው አነስተኛ ለሆኑ የጤና ተቋማት ያስጀመረው የጨቅላ ሕፃናት ስልጠና ይህችን ጊዜ «ወርቃማዋ ደቂቃ» ይላታል። በእነዚያ 60 ሰከንዶች ውስጥ ሕፃኑን ማድረቅ፣ ማሞቅ፣ ካስፈለገ አፍና አፍንጫውን ማጽዳት፣ ጀርባውን አሻሽቶ ማነቃቃት፣ ይህ ሁሉ ካልሠራ ደግሞ በባግና በማስክ አየር መስጠት መጀመር አለባት።

ከዚህ ውስጥ ስልክ የሚያስተምረው የትኛው ነው? ቅደም ተከተሉን፣ ምክንያቱን፣ የአደጋ ምልክቶቹን በጥሩ ሁኔታ ያስተምራል። እንዲያውም ለዚህ ከአዳራሽ የሚሻል ይመስለኛል። ያልገባትን ቦታ መልሳ መላልሳ ታየዋለች፤ በማታውቀው ሰው በተሞላ አዳራሽ እጇን አውጥታ «አልገባኝም» ማለት አይጠበቅባትም። ማስኩን ትንሽ ፊት ላይ አየር ሳያስወጣ መግጠም ግን የእጅ ትምህርት ነው። ጣት የት እንደሚያርፍ፣ አንገቱ ምን ያህል ቀና እንደሚል፣ ባጉ በምን ያህል ኃይል እንደሚጨመቅ በቪዲዮ የሚጨበጥ ነገር አይደለም። ልምድ ያላት አዋላጅ አጠገቧ ቆማ «ትንሽ ቀና አድርጊው፣ በጎን እየወጣብሽ ነው» ማለት አለባት። አዳራሹ ለዚህ ነው የሚያስፈልገው። ሆኖም የብዙዎቹ ስልጠናዎች ትልቁ ሰዓት ስልክ ሊያስተምረው ለሚችለው ይውልና የእጁ ልምምድ ለመጨረሻው ቀን ከሰዓት፣ ሰው ሻንጣውን ለሚሸክፍበት ሰዓት ይቀራል።

ከስልክና ከአዳራሽ ሌላ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሦስተኛ ቦታ አለ፤ የሥራ ቦታው ራሱ። በሰሜን ታንዛኒያ ገጠር ያለ ሃይዶም የሚባል ሆስፒታል ይህን በሚያስደነግጥ ሁኔታ አሳይቷል። አዋላጆቹ ያንኑ የጨቅላ ሕፃናት ስልጠና በአንድ ቀን ወሰዱ። ከወራት በኋላ በመለማመጃ አሻንጉሊት ሲፈተኑ ክህሎታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ በእውነተኛ ሕፃናት ላይ የሚያደርጉት ግን አልተለወጠም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ይህ ውጤት ስልጠና ለሚያዘጋጅ ሁሉ ራስ ምታት መሆን ነበረበት፤ ፈተናውን አልፈው፣ ሰርተፊኬቱን ይዘው፣ ሥራው ግን እንደነበረ ነው።

የሃይዶም ሰዎች እዚያ ላይ አላቆሙም። አሻንጉሊቱን ማዋለጃ ክፍሉ አጠገብ አስቀመጡት። ሠራተኞቹ በየሳምንቱ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ፣ በየወሩ ደግሞ 40 ደቂቃ ያህል እዚያው ይለማመዱ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ጥናት እንደዘገበው፣ በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱት ሕፃናት ከሺህ 11.1 ወደ 7.2 ወረዱ። አዲስ ሆስፒታል አልተሠራም፣ አዲስ መድኃኒት አልገባም። በሥራ ሰዓት፣ በሥራ ቦታ፣ ደጋግሞ የተሠራ አጭር ልምምድ ነው ይህን ያመጣው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ የትኛውም የስልጠና ዕቅድ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምፈልገው ከመዝጊያው ቀን በኋላ ምን እንደታሰበ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ የተጻፈ ነገር የለም።

ስልኩም ቢሆን በአግባቡ ሲገባ ምን እንደሚሠራ ከእኛው አገር ማስረጃ አለ። ማተርኒቲ ፋውንዴሽን የተባለ የዴንማርክ ድርጅት ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ያዘጋጀው ሴፍ ዴሊቨሪ አፕ በምዕራብ ወለጋ 73 የጤና ተቋማት ላይ ተሞክሯል። አፑ አጫጭር የአኒሜሽን ቪዲዮዎች አሉት፤ አንዴ ከተጫነ ኔትወርክ አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ውጤት መሠረት አፑን የተጠቀሙት የጤና ሠራተኞች ዕውቀትና ክህሎት ከዓመት በኋላም ካልተጠቀሙት በግልጽ የበለጠ ነበር። በወሊድ ዙሪያ የሚሞቱ ሕፃናት አፑ በነበረባቸው ተቋማት ከሺህ 14፣ ባልነበረባቸው 23 ሆነው ተገኝተዋል። ተመራማሪዎቹ ግን ልዩነቱ ከአጋጣሚ የዘለለ ነው ለማለት ማስረጃው እንደማይበቃ በሐቀኝነት ጽፈዋል። እኔን የሳበኝ ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ሙከራ ስልኩን ለሠራተኞቹ የሰጣቸው ጥናቱ ራሱ ነበር። ከኪሳቸው አልገዙትም።

ንድፈ ሐሳቡን በርቀት፣ ተግባሩን በአካል የማስተማር አካሄድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ያሰማራቸውን ሴቶች ከደረጃ 3 ወደ ደረጃ 4 ለማሳደግ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከዩኒሴፍ፣ ከአምሬፍና ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ጋር 13 ሞጁሎች አዘጋጅቶ ነበር። ንድፈ ሐሳቡን በየቀበሌያቸው ሆነው ከመጽሐፍ ያነባሉ፤ በየምዕራፉ መጨረሻ ራሳቸውን የሚፈትኑበት ጥያቄ አለ፤ የተግባሩን ክፍል በአካል ይማራሉ። ሞጁሎቹ ዛሬም ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ናቸው። የዚያ ሥራ ጥበብ መሣሪያው ላይ አልነበረም፤ ብዙው ወረቀት ነው። ጥበቡ ጤና ኬላ ተዘግቶ እናቶች ሳይጉላሉ ሠራተኛዋ ከራሷ ልምድ ጋር እያገናዘበች እንድትማር፣ በአካል የምትገኝበት ሰዓት ደግሞ በአካል ብቻ ለሚቻለው እንዲውል መታሰቡ ነው።

ተቃራኒውንም አይተናል። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን ፕላዝማ የዚያ ዘመን ተማሪ ሁሉ ያስታውሰዋል። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት ይሰራጫል፤ ክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ስክሪኑ ይወስደዋል። ተማሪው ካልገባው መምህሩ ስርጭቱን ማቆም አይችልም። ብዙ መምህራን በክፍላቸው ውስጥ እንግዳ ሆነው ቆሙ። ስክሪንና መምህር አንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ አብረው ግን አልሠሩም። ኦንላይን ኮርስ የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች ይህን ታሪክ ቢያስታውሱ እወዳለሁ፤ አሰልጣኙን ያላማከረ ኮርስ አሰልጣኙ አዳራሽ ሲገባ የማያውቀው ኮርስ ነው። ሰልጣኞቹ ምን እንዳዩ አያውቅም፣ ስለዚህ ከሀ ይጀምራል፤ አስቀድሞ ያነበበው ሰው ደግሞ ሁለተኛ ላለማንበብ ይምላል።

የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የጥናቶች ግምገማ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ኦንላይንና በአካል ተዋህደው የተሰጡ ትምህርቶች በአካል ብቻ ከተሰጡት የተሻለ ውጤት አሳይተዋል ይላል፤ የኦንላይን ኮርስ ሻጮች ይህን ዓረፍተ ነገር ይወዱታል። የግምገማው አዘጋጆች ግን አስከትለው የጻፉት አለ። የተሻለ ውጤት ያመጡት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ የመማሪያ ሰዓትና ተጨማሪ ቁሳቁስ ነበራቸው፤ ስለዚህ ልዩነቱ የመጣው ከኮምፒውተሩ ነው ማለት አይቻልም።

ታዲያ ያ ተጨማሪ ሰዓት ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ነው ሙግቴ።

«በራሳችሁ ጊዜ ጨርሱ» የሚል ማስታወቂያ ለአንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ ሲደርሳት የራሷ የሚባለው ጊዜ የትኛው እንደሆነ አስቡት። ቀን ተራ ይዛ ትውላለች። ማታ ልጅ ታበላለች፣ ቤት ታሰናዳለች፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ መብራት ካለ፣ ኔትወርክ ካለ፣ ፓኬጁ ካላለቀ ሞጁል ሦስትን ትከፍታለች። የቤቱ ሸክም የማይነካው ባልደረባዋ በቀላሉ ይጨርሳል፤ በሪፖርቱ ላይ እሷ «ኋላ የቀረች» ትባላለች። ከዚያ የሚከተለውን ሁላችንም እናውቃለን። ስልኩ ለታናሽ ወንድም ይሰጥና «ቀጥል»፣ «ቀጥል» የሚለውን ሲጫን ያመሻል። ሰርተፊኬቱ ይወጣል። ሠራተኞች ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም ይህ የሚሆነው፤ የሥራ ነገር ሆኖ ሳለ የሥራ ሰዓት ስላልተሰጠው ነው።

የውሎ አበልንም ጉዳይ በግልጽ መነጋገር አለብን። ኦንላይን ስልጠና ሲጀመር ሠራተኛው የሚያጉረመርመው አበል ስለቀረበት ነው ተብሎ ይታማል። አዎ፣ ቀርቶበታል። ደመወዙ የወር ቀለብ በማያደርስበት ሰው ላይ የአምስት ቀን አበል የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ሥርዓቱ ራሱ ለዓመታት አበልን የደመወዝ ድጎማ አድርጎ ሲያኖረው ቆይቶ፣ አሁን በአንድ ደብዳቤ አንስቶ ሠራተኛውን ለገንዘብ ያደረ ማለት ፍትሕ አይደለም። ለሆቴልና ለትራንስፖርት ሊወጣ የነበረው ገንዘብ ሲተርፍ ከፊሉ ወደ ሰልጣኙ መመለስ ይገባዋል፤ በኢንተርኔት ፓኬጅ፣ ከሥራ ነፃ በሚሆንበት ሰዓት፣ በሚተካው ተረኛ ክፍያ። የጤና ባለሙያዎች ፈቃድ ለማደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ እንዲወስዱ ይጠበቃል። መጠየቁ ተገቢ ነው፤ የሚጠይቅ አካል ግን ሰዓቱንም ይስጥ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቀላል ነው። ኦንላይኑ ክፍል አጭር ይሁን፣ ያለ ኔትወርክ ይሥራ፣ ሰልጣኙ በሚናገረው ቋንቋ ይዘጋጅ፤ ከማንበብ ይልቅ ደጋግሞ ይጠይቅ። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት አንድ ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ራሳቸውን የፈተኑ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 56 በመቶውን፣ ያንኑ መልሰው ያነበቡት 42 በመቶውን አስታውሰዋል። መልሱ ያልመጣላቸው ጥያቄዎች ዝርዝር አሰልጣኙ እጅ ይግባ፤ የአዳራሹ የመጀመሪያ ሰዓት በዚያ ይጀምር። አምስቱ ቀን ሁለት ቢሆን ማንም አይጎዳም፤ ሁለቱም ቀን ግን እጅ የሚሠራባቸው ይሁኑ። የመክፈቻ ንግግር የሚያደርጉ ኃላፊዎችም ንግግራቸውን በቪዲዮ ቢልኩልን ደስ ይለኛል፤ እሱ በእርግጥ በኦንላይን የሚቻል ነው።

ሦስተኛውን ቦታ፣ የሥራ ቦታውን፣ የሚመራው ደግሞ ሰው መሆን አለበት። በየጤና ጣቢያው ካሉት አዋላጆች ልምድ ያላት አንዷ አስለማማጅ ተብላ ትመደብ፤ ሥራው የሥራ መዘርዝሯ ውስጥ ይግባ፤ በደግነቷ የምትሠራው አይሁን። ተረኞች ሲለዋወጡ አምስት ደቂቃ አሻንጉሊቱ ላይ ይቆሙ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ የወር ሪፖርት ሲልክ ስንት ሰው እንደሰለጠነ ብቻ ሳይሆን በዚያ ወር ስንት ጊዜ ልምምድ እንደተደረገ ይጻፍ።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲጀምር የስልጠና ዕቅዶች ጸድቀው ይወርዳሉ። አዳራሽ ኪራይ፣ ምሳና ሻይ፣ ውሎ አበል፣ ህትመት፣ ነዳጅ የሚሉ መደቦች አሏቸው፤ በቅርቡ ደግሞ «ኦንላይን ኮርስ ማዘጋጃ» የሚል ተጨምሯል። ለቀጣዩ ዓመት ዕቅድ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ሁለት መደብ እንዲጨምሩ እጠይቃለሁ። አንዱ በሥራ ሰዓት ለሚማረው ሠራተኛ ተተኪ ተረኛ የሚከፈልበት፣ ሌላው ለእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ የልምምድ አሻንጉሊት፣ ባግና ማስክ የሚገዛበት ይሁን።